የአህያው አራተኛ እርምጃ

አንድ ጊዜ፣ ግቡ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ደህና ቦታ ላይ ነው የደረሳችሁት፣ አህያ ከገደሉ ሥር ቆሞ ገና ሁለቴ «ደረስኩ፣ ደረስኩ» ብሎ እንደዘፈነ፣ የገደሉ ጠባቂ አባ ኤሊ ድንጋይ በድንጋይ መታና «ዝም በል!» አለው።

አህያ ዝም አለ። ገደል ማሚቶ የመጨረሻዋን «ደረስኩ» ሸለቆ ለሸለቆ አዙራ ይዛት ተመለሰችና እሷም ዝም አለች።

«ምን አጠፋሁ አባቴ?»

«የሌላ ዘፈን ዘፈንክ።»

«የሌላ? የራሴ ነው እንጂ!»

አባ ኤሊ ከኋላው ከተደረደሩት የጭቃ ሰሌዳዎች አንዱን ጎተት አድርጎ አወጣ። ሰሌዳው ላይ የታተመው ዱካ ትንሽ ነው፤ ጣቶች አሉት።

«ይህ ያንተ ኮቴ ነው?»

አይደለም። የቀበሮ መዳፍ ነው።

ያኔ አህያ ጆሮው ሥር ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማው። ዞሮ ማየት አላስፈለገውም፤ ሽታው ይበቃል። አያ ጅቦ ነው። የገደሉን ሕግ ደግሞ ከእንቁላል የወጣ ጫጩት ሳይቀር ያውቀዋል፤ ዘፈን የሰረቀ ለጅብ ይሰጣል።

እንዴት እዚህ ደረሰ? ቶሎ ልንገራችሁ፣ ጅቡ አይጠብቅም።

ያኔ ስልክ የለም። ስልካቸው ገደል ማሚቶ ነበረች። ከገደሉ ሥር የተደረገውን ሁሉ ሰባት ሸለቆ ድረስ ታሰማለች። ስለዚህ መታየት ያማረው ሁሉ እዚያ ይሄዳል፤ ጉሬዛ ሊዘል፣ ቆቅ ልጇን ልትድር፣ ጦጣ ባሏን ልታማ። ባዶውን ደግሞ አይደምቅም። እኛ ዛሬ በስልክ እንደምናደርገው፣ ካንዱ ዘፈን አንዲት ቁራጭ ቆንጥረው ከኋላ ያስገቡበታል። ተመልካች ደስ ሲለው ገብስ ይጥላል። ገብሱ የጨፋሪው ነው፣ ከላዩ ግን አንድ እፍኝ ለዘፈኑ ባለቤት ይነሳል። ባለቤቱ ማነው? እርጥብ ጭቃ ላይ ኮቴውን ያተመ። አባ ኤሊ «ማን ሠራው?» ብሎ አይጠይቅም፤ የሚያየው ዱካውን ነው።

አህያ የአንበሳን ጨው ከቆላ ወደ ደጋ የሚያመላልስ ጭነኛ ነበር። ዘፈኑን የሠራው ዳገት ላይ ነው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው። «ደረስኩ፣ ደረስኩ፣ ደረስኩ... እህ!» ይኸው ነው፣ አለቀ። ግን አንዴ የሰማው ሁሉ፣ «እህ» ላይ ሲደርስ ትከሻው ሳያዘው ይነቃነቃል።

እመት ቀበሮ መንገድ ላይ ሰማችው።

«ወንድምዓለም፣ ይኼ እኮ ዘፈን ነው! አሳትመኸዋል?»

«በየት ጊዜዬ እመቴ? ጭነቱ አለ። አባ ኤሊ ጋ ደግሞ ሰልፉ ሦስት ቀን ይፈጃል አሉ።»

«ታዲያ እኔ ምን ሆኜ? አንተ ጨውህን ተሸከም፣ ዘፈንህን እኔ እሸከምልሃለሁ!»

አህያ እንባው መጣ። ዕድሜ ልኩን የሌላውን ሲሸከም ኖሮ፣ «ያንተን ልሸከምልህ» ያለችው የመጀመሪያዋ ፍጡር እሷ ናት። እሱ የጫኑበትን ሁሉ ጉርሻ ሳይቀንስ ለባለቤቱ ያደርሳል፤ ስለዚህ የተሸከመ ሁሉ የሚያደርስ መሰለው። ለማተሚያው «ኮቴህን ይዘህ አብረን እንሂድ» እንዳላለችው ልብ አላለም።

ክረምቱ ሳይገባ ሸለቆው ሁሉ «እህ» አለ። ጉሬዛ በሱ ዘለለ፣ ቆቅ በሱ ልጇን ዳረች፣ ጦጣ በሱ ባሏን አማች። አህያ ጨው ጭኖ በወጣበት ዳገት ሁሉ ዘፈኑ ቀድሞት ይጠብቀዋል። በመጀመሪያ ደስ አለው። ቆየት ብሎ ሆዱ ባዶ መሆኑ ትዝ ሲለው ቀበሮን ጠየቃት።

«እመቴ፣ የኔ እፍኝ ምን ደረሰ?»

«ማሚቶ ቀስ ብላ ነው የምትከፍለው፣ ታገስ እንጂ! ስምህ እየተጠራ አይደል?»

ስሙ አልተጠራም። የተጠራው የሷ ነው። ጉንጯም ሞልቷል።

«በቃ ራሴ ልዝፈነው» ብሎ ሄደ። ስትገቡ ያገኛችሁት እዚያ ላይ ነው።

አንበሳ መጣ። እሱ ሲመጣ «መጣ» የሚል የለም፤ ወፎቹ ዝም ይላሉ፣ ያኔ ታውቃላችሁ።

«ሌባው የቱ ነው?»

«ይኸውልህ ጌታዬ፣ ጨው አመላላሽህ!» አለች ቀበሮ፣ ደረቅ ዓይኗን በጭራዋ እየጠረገች። «ሌት ተቀን ለፍቼ የሠራሁትን! እኔ እኮ ወንድሜ ብዬው ነበር።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

አህያ አፉን ከፈተ። ዘፈኑን አንዴ በደንብ ቢዘፍነው የሚያምኑት መስሎታል። በፍርሃት የወጣው ድምፅ ግን ዘይት ያጣ በር ይመስላል።

«ይኸው! አያውቀውም እንኳ!» አለች ቀበሮ።

«ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ፣ ለሀጩ እየተንጠባጠበ፣ «ሕግ ይከበር እንጂ። ምሳ በሰዓቱ ሲበላ አይደል ሕግ የሚባለው?»

አንበሳ አዛጋ። «ውሰደው።»

ከገደሉ ሥር እስከ ጅቡ ጉድጓድ መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ከሠላሳ እርምጃ አይበልጥም። አህያ ሄደ። ምን ያድርግ? የጅቡ እርጥብ አፍንጫ ከኋላ ነካ ነካ ያደርገዋል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ፀሐይ ያነጣው መንጋጋ ወድቋል። የማን ዘር መንጋጋ እንደሆነ አህያ ከጥርሱ አወቀው።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ... ሸርተት።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ... ሸርተት።

ገደል ማሚቶ የሰማችውን ነገር አትተውም። የኮቴውን ድምፅ አነሳችና ለሸለቆው ሰጠችው። ዛፍ ላይ የተቀመጠው ጉሬዛ ትከሻው ተነቃነቀ። ደንግጦ ያዘው። በሚቀጥለው ሸርተት ላይ ደግሞ አመለጠው። ቆቅም ተነቃነቀች። የአንበሳ ጎፈር ሳይቀር ወዝወዝ አለ።

«ቁም!» አለ አንበሳ።

አህያ ቆመ። ዘፈኑም ቆመ።

«ተራመድ።»

ተራመደ። ዘፈኑም ቀጠለ፤ ሦስት ቀጭታ፣ ከዚያ የምትጎተት አንዲት እግር፣ «እህ» የምትባልበት ቦታ ላይ።

«እመት ቀበሮ፣ እስቲ አንቺ ተራመጂ።»

ተራመደች። ምንም አልተሰማም። ቀበሮ ስትሄድ መቼ ተሰምታ ታውቃለች?

«ጌታዬ» አለች ቶሎ ብላ፣ «ይኼማ ከኔ ዘፈን ቀድቶ ነው አካሄዱን የቀየረው! ማነከስ የጀመረው እኮ ዘንድሮ፣ ዘፈኔ ከወጣ በኋላ ነው!»

ከአህያ ቀድሞ አያ ጅቦ ተቆጣ። ጅብ ሁለት ነገር አይወድም፤ ምሳው ሲዘገይና ሙያው ሲካድ።

«ምን ዘንድሮ ዘንድሮ ትያለሽ! ያንን የኋላ እግር ካቻምና በመስከረም የነከስኩት እኔ ነኝ! በነዚህ ጥርሶቼ! ያን ቀን ካመለጠኝ ጀምሮ ነው የሚያነክሰው። አንዷ ጥርሴ እንኳ እዚያው ቀርታለች፣ እዩ!» ብሎ አፉን በልቅጦ ክፍተቷን ለሁሉም አሳየ።

ሁሉም ሰሌዳውን አየ። ጭቃው የዘንድሮ ነው። እግሩ የተነከሰው ካቻምና ነው። ዘፈኑ እግሩን አላስተማረውም፤ እግሩ ነው ዘፈኑን ያስተማረው።

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮ የነበረችበት ቦታ ላይ አቧራ ብቻ ቀርቷል።

አባ ኤሊ አዲስ ጭቃ አቀረበ። አህያ የተነከሰውን እግር አነሳና ተጫነው። ጠማማ ዱካ ወጣ። ሰባቱ ሸለቆ ውስጥ እሱን የሚመስል ሌላ የለም።

«እስከዛሬ የተነሳው እፍኝስ አባቴ?» አለ ቀስ ብሎ።

«የተበላ ገብስ አይበቅልም ልጄ። ከዛሬ ወዲያ ያለው ያንተ ነው።»

አህያ ጨውን ለማድረስ ወደ ዳገቱ አቀና። ከኋላው እንስሳቱ በኮቴው ይጨፍራሉ። ትንሽ እንደሄደ ጭፈራው ራቀ። አንድ ትንፋሽ ግን አልራቀም።

«አመስግነኝ እንጂ» አለ አያ ጅቦ። «ያለኔ ጥርስ ምን ዘፈን ነበረህ?»

አህያ ፈጠነ። እሱ ሲፈጥን ዘፈኑም ፈጠነ፣ ማሚቶም የት ጋ እንደደረሰ ለሰባቱ ሸለቆ ተናገረች።

«አይዞህ» አለው ጅቡ ከኋላው፣ «ሦስቱ እግሮችህ ገና «እህ» አላሉም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሥቃዩ ያወጣለትን ዘፈን በገዛ ኮቴው ያላተመ፣ አገር ሲጨፍርበት እሱ በራሱ ድምፅ ሌባ ተብሎ እንደሚያዝ ነው።