የወጌሻዋ ቅል

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

«እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ደግሞ ወንድምህን መቆንጠጥ ተውና ስማ።»

በድሮ ጊዜ ነው። በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር፣ ጫካው ከውሃው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ትርንጎ የምትባል ወጌሻ ትኖር ነበር። የተሰበረ ትጠግናለች፤ የወለቀ ትመልሳለች። በሽተኞቿ ግን ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ክንፉ የተሰበረ ሻላ ይመጣል። ወጥመድ ያቆሰለው ከርከሮ እያነከሰ ይመጣል። እናቱ የሞተችበትን ግልገል ዝንጀሮዎች አቅፈው ያመጡላታል።

ትርንጎ አንድ ቅል ነበራት። ቅሉ ውስጥ ቅባት አለ፤ ቢቀቡት ቢቀቡት አያልቅም። ቁስል ላይ ሲያርፍ ቁስሉ ይድናል፤ ስብራት ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ይገጥማል። ቅሉን የሰጠቻት አንዲት ያረጀች ኤሊ ናት። ስትሰጣትም እንዲህ ብላታለች፦ «በዚህ ቅባት የዳነ አውሬ ወደ ዱሩ ይመለስ። ከታሰረ ቅሉ ይደርቃል።»

ስለዚህ ትርንጎ የዳነውን ሁሉ ትለቅ ነበር። ሲሄዱባት ሆዷ ይባባል፤ ቢሆንም ትለቃቸዋለች።

በዚያው አገር አውሬ ማሰር የሚወድ ንጉሥ ነበር። ግቢው በእንጨት ጋጣ ተሞልቷል። ነብር አለው፤ ንስር አለው፤ ጅብ እንኳ አለው። የትርንጎን ወሬ ሲሰማ ቅናት ያዘው።

«እኔ መቶ አዳኝ አሰማርቼ በገመድ አመጣለሁ። እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በእግራቸው ይመጡላታል? አይሆንም!»

ነጋሪት አስጎሰመ። «በአጥር ውስጥ ያለ አውሬ ሁሉ የንጉሥ ነው!» አለ አዋጁ።

ትርንጎ ይህን ስትሰማ አጥሯን ከዳር እስከ ዳር ነቀለች። ወታደሮቹ መጡ።

«አጥሩ የታለ?»

«አጥር የለኝም፣ ልጆቼ» አለች። እርስ በርስ ተያይተው ተመለሱ።

ንጉሡ ሁለተኛ ነጋሪት አስጎሰመ። «በጣራ ሥር ያለ አውሬ ሁሉ የንጉሥ ነው!»

ትርንጎ የቤቷን ክዳን ገፈፈች። ዝናብ መጣና እሷም አውሬዎቹም አብረው በሰበሱ። ወታደሮቹ መጡ። ቀና ብለው ቢያዩ ሰማይ ነው። ተመለሱ።

ንጉሡ ሦስተኛ ነጋሪት አስጎሰመ። «ከሰው እጅ የሚበላ አውሬ ሁሉ የንጉሥ ነው!»

አሁን ትርንጎ ጭንቅ ውስጥ ገባች። በዚያ ሰሞን አንዲት የድኩላ ግልገል ነበረቻት። እናቷን አዳኞች ገድለውባታል። አንገቷን ውሻ ነክሷት ነበር፤ ቁስሉስ በቅባቱ ድኗል። ሣር መጋጥ ግን ገና አልለመደችም። ትርንጎ ጣቷን ወተት ውስጥ እየነከረች ታጠባታለች።

አሰበች፤ አሰበች፤ ዘዴ አጣች። ግልገሏን ማስራብ ደግሞ አልሆነላትም። ወታደሮቹ ሲደርሱ ግልገሏ ጣቷን እየጠባች ነበር። ነጥቀው ወሰዷት።

ትርንጎ ቅሉን አንስታ ነቀነቀችው። ደርቋል።

ጥግ ላይ ክንፉ የተሰበረ ሻላ ተራውን ይጠብቅ ነበር። «እኔስ?» አላት።

«ምን ልበልህ፣ ልጄ» አለችና አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ከበቅሎው ወደቀና ቅልጥሙ ተሰበረ። ሦስት ወጌሻ ተጠራ። አንዱ ጎተተው፤ ንጉሡ ጮኸ። አንዱ አሰረው፤ እግሩ አበጠ። ሦስተኛው አይቶት በጓሮ በር ወጣና ሮጠ። በመጨረሻ ትርንጎን አስጠራ። ቅሏን ይዛ መጣች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቶሎ ቀቢኝ!» አለ ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ ቅሉ ደርቋል። ያዳንኳት ግልገል እርስዎ ጋ ታስራ ነው ያለችው። እሷ ካልተለቀቀች ጠብ አይልም።»

ንጉሡ አላመነም። ቅሉን ተቀብሎ ራሱ ገለበጠው። እውነትም ባዶ ነው፤ መለሰላት።

«ልቀቋት!» ብሎ ጮኸ።

ጋጣው ተከፈተ። ግልገሏ እመር ብላ ወጣች። ወዲያው ቅሉ በትርንጎ እጅ ላይ ከበደ፤ ሞላ ማለት ነው። ትርንጎ ግን ዙሪያዋን አየች። ነብሩ እዚያው በዚያው ይንቆራጠጣል። ንስሩ ላባው ተመልጧል። ጅቡ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ልቧ አልቻለም። አውራ ጣቷን በቅሉ አፍ ላይ እንደ ውታፍ ወተፈችና ቅሉን ገለበጠችው።

«ጠብ አላለም፣ ጃንሆይ። ንስሩንም የፈለገ ይመስለኛል።»

«ልቀቁት!»

ንስሩ ሄደ። ትርንጎ ቅሉን ገለበጠችው። «አሁንም እምቢ አለ። ጅቡን ይሆን?»

«ልቀቁት! ወይኔ እግሬን!»

ጅቡ ሄደ። ቅሉ አሁንም እምቢ አለ። «ነብሩን መሰለኝ» አለች ትርንጎ።

ነብሩ ሲለቀቅ መኳንንቱ በሙሉ ጣራ ላይ ወጡ። እሱ ግን ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ወደ ጫካው ሄደ። እንዲህ እያለ ጋጣው ሁሉ ባዶ ሆነ።

«እመይቴ» አለ ንጉሡ እንባ እየቀደመው፣ «የቀረችኝ ድመቴ ብቻ ናት!»

«ድመቷ እንኳ የቤት ናት፤ ትቅር» አለች ትርንጎ። አውራ ጣቷንም አነሳች። ቅባቱ ወረደ፤ አጥንቱ ገጠመ፤ ንጉሡ እፎይ ብሎ እንቅልፍ ወሰደው።

ሲነሳ በእግሩ ቆመ። ባዶውን ጋጣ ዞሮ አየ። ከዚያም ሦስቱንም አዋጅ ሻረ፤ ለትርንጎ ቤትም ክዳን ላከ።

ትርንጎ ቤቷ ስትደርስ ግልገሏ ቀድማት ደጃፉ ላይ ተኝታለች። ሻላው ታከመና በረረ። ግልገሏም ወተቷን ጨርሳ ሣር ለመደች። አንድ ማለዳ ጆሮዋን ቀሰረች፤ ዘለለች፤ ወደ ኋላዋ እንኳ ሳታይ ጫካው ውስጥ ገባች።

ትርንጎ ደጃፏ ላይ ቁጭ አለችና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ተመስገን፤ ሮጠች» አለች።

እኔም ያየሁትን ሳይሆን የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ አፌ አረፈ፤ የቀረው የእናንተ ነው። ትምህርቱም ይህ ነው፦ ደካማን ስንረዳ የራሳችን ልናደርገው ሳይሆን በራሱ እግር እንዲሄድ ነው።