አያ ጅቦ ከሜዳው የተባረረበት ቀን

አንድ ጊዜ፣ አያ አንበሶ አደን ሰልችቶት የጌም ሣጥን መሥራት በጀመረበት ዘመን፣ በጫካው ውስጥ የእሱ ሣጥን የሌለው አውሬ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዝንጀሮ በገደሉ አፋፍ፣ ከርከሮ በጉድጓዱ፣ ኤሊ እንኳ በድንጋይዋ ሥር ስክሪን ደቅና ጆይስቲክ ትነካካ ነበር። ሣጥኑ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ቁም ነገሩ ሜዳው ነው። አያ አንበሶ ኦንላይን የሚባል ትልቅ ሜዳ ከፍቶ ነበርና፣ ሁሉም ካለበት ሳይነሳ እዚያ ይገናኛል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ይሰዳደባል፣ መልሶ ይታረቃል።

በዚህ ሜዳ ከሁሉ የበለጠ የተደሰተው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ጅብ ነው! አያ ጅቦ በጫካው ሲያልፍ የማይሸሸው የለም። «ደህና ዋላችሁ» ብሎ ሳይጨርስ ሰፈሩ ጭር ይላል። ኦንላይን ሜዳው ላይ ግን ጥርሱ ማንም ዘንድ አይደርስም፤ ስለዚህ ማንም አይሸሸውም። እንዲያውም ጓደኛ አገኘ። ያውም ማንን? አህያን!

እመት አህዪት የምትኖረው ከጫካው ማዶ፣ በመንደሩ ዳር ባለ በረት ነው። ኳስ ስትመታ ለጉድ ነው፤ እርግጫውን ከእናቷ ማህፀን ይዛው ወጥታለች። አያ ጅቦ ደግሞ በረኛ ሆነላት። የመጣለትን ሁሉ መያዝ የለመደ አውሬ ኳስ እንዴት ያመልጠዋል? ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ሄድፎናቸውን አጥልቀው ይጀምራሉ።

«አያ ጅቦ፣ በግራ በኩል መጣብህ!»

«አየሁት እመቴ! ይኸው፣ ያዝኩት!»

«እሰይ የኔ በረኛ! አንጀቴን አራስከው!»

ይህችን ቃል ለመስማት አያ ጅቦ ምሳውን ትቶ ይመጣ ነበር። አዎ፣ ጅብ ምሳውን! ምን ያድርግ፣ በሕይወቱ «የኔ» ብሎ የጠራው ከእሷ ሌላ አልነበረም።

እንዲህ ተጫውተው ተጫውተው ለበጋው ዋንጫ ፍጻሜ ደረሱ። የሚገጥሟቸው ከርከሮና ሚስቱ ናቸው።

«ነገ ከሰዓት ነው» አለችው እመት አህዪት። «እንዳትቀርብኝ፤ ያለ አንተ ጎሌ ባዶ ነው።»

«ምን ቆርጦኝ እቀራለሁ! ብታመምም እየተጎተትኩ እመጣለሁ» አላት።

ግን ያ ሆዱ መች አርፎ ይቀመጣል? አያ ጅቦ ያለው ጌም ያው የኳሱ ብቻ ነው። አያ አንበሶ እያንዳንዱን ጌም የሚሸጠው በአንድ ሙዳ ሥጋ ነው፤ ሥጋ ከአፍ አውጥቶ መስጠት ደግሞ ለጅብ ከሞት አይሻልም። በዚያው ቀን ውሃ ሊጠጣ ወንዝ ሲወርድ አቶ ቀበሮን አገኘው።

«ምን ምን ጌም አለህ አያ ጅቦ?» አለው ቀበሮ።

«የኳሱ። ምነው?»

«እሱ ብቻ?» ቀበሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እኔ እኮ ሁሉም አለኝ። የሩጫው፣ የድብድቡ፣ የአደኑ...»

የአያ ጅቦ ጆሮ ቀጥ አለ። «የአደን ጌም አለ እንዴ?»

«አለ እንጂ! በግ ብቻ የሚታደንበት። በጉ ደግሞ አያልቅም።»

«ኧረ በሞቴ! ለዚህ ሁሉ የሚሆን ሥጋ ከየት አመጣህ?»

«የምን ሥጋ? ሣጥኑን ከፍቼ አንዲት ነገር ጨመርኩበት፣ በቃ። ላንተም በአንድ ቅልጥም እሠራልሃለሁ።»

አያ ጅቦ ሣጥኑን በጀርባው፣ ቅልጥሙን በአፉ ይዞ ወደ ቀበሮ ጉድጓድ ሲበር ያየው ሁሉ ቤቱ የተቃጠለ መስሎት ነበር። ቀበሮ ካቻቢቴውን አውጥቶ ብሎኖቹን ፈታታ። ከሣጥኑ ጀርባ ግን የአያ አንበሶ ማኅተም አለ።

«እሱን እኔ አልነካም» አለ ቀበሮ። «ጥርሱ ያለህ አንተ ነህ፤ ንከሰው።»

አያ ጅቦ ሁለቴ አላሰበም። ቀጭ! አድርጎ ማኅተሙን በጠሰው። ቀበሮ ሥራውን ሲሠራ አያ ጅቦ ዓይኑን ወዲያ ወዲህ ሲያንከራትት የቀበሮን ሣጥን አየ። የኔትወርኩ ገመድ ተነቅሎ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ አቧራ ጠጥቷል።

«ይሄ ገመድ ምነው ተነቀለ?»

«ብቻዬን መጫወት ነው ደስ የሚለኝ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ ነዋ» አለ ቀበሮ ቅልጥሙን እየጋጠ።

እናንተ ብትሆኑ ሌላ ጥያቄ ትጠይቁ ነበር። የአያ ጅቦ ሐሳብ ግን በጎቹ ላይ ነበር። ሣጥኑን ተሸክሞ ቤቱ ገባና በግ ሲያሳድድ አመሸ።

በማግስቱ ከሰዓት ሄድፎኑን አጥልቆ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወደ ሜዳው ሊገባ ሲል ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ይህ ሣጥን ተከፍቷል። ከዛሬ ጀምሮ ከሜዳው ለዘለዓለም ተባርሯል።»

አያ ጅቦ ከፊደል ጋር ብዙም አይስማማም፤ ደጋግሞ አነበበው። ሣጥኑን አጥፍቶ አበራው። እፍ አለበት። በመዳፉ ደለቀው። ጽሑፉ ንቅንቅ አላለም። ያኔ ክው አለ። እመት አህዪት ሜዳው ላይ ብቻዋን ቆማለች! ሣጥኑን በጀርባው አዝሎ ወደ አያ አንበሶ ዋሻ ነጎደ።

«ጌታዬ፣ ድረሱልኝ! ሣጥኔ በስህተት ተባረረብኝ! ጨዋታው ሊጀመር ነው!»

«አልተከፈተም ነው የምትለኝ?» አለ አያ አንበሶ ሳይቸኩል።

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ? በራሱ ተከፍቶ ይሆናል። የሰሞኑ ሙቀት እንደሁ...»

አያ አንበሶ ሣጥኑን ገልበጥ አድርጎ አየ። «ታዲያ ይህ የማን ጥርስ ነው?»

«የጥንቸል ይሆናል።»

«እስቲ አፍህን ክፈት።»

አያ ጅቦ አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ። ቢዘጋውም ምን ዋጋ አለው፤ በጫካው ውስጥ እንደዚያ ያለ ጥርስ የማን እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል። መካዱ እንደማያዋጣ ሲገባው በአንዴ ቱግ አለ።

«እሺ፣ እኔ ነኝ! ግን ሣጥኑ የኔ አይደለም? ሙሉ ሰንጋ አስረክቤ የገዛሁትን ሣጥን ብከፍተው ምን አጠፋሁ?»

«ሣጥኑማ ያንተ ነው» አለ አያ አንበሶ። «ብትከፍተው፣ ብትሰብረው፣ እንደ አጥንት ቆርጥመህ ብትበላውም አልናገርህም። ሜዳው ግን የኔ ነው። ያኔ ዝንጀሮ ሣጥኑን አስከፍቶ የራሱን ጎል የአይጥ ቀዳዳ ባሳከለው ጊዜ ስንቱ አውሬ እዚህ መጥቶ እንዳለቀሰ ረሳኸው? ከዚያ ወዲህ የተከፈተ ሣጥን አላስገባም።»

«እኔ ጎል አላጠበብኩም! በግ ብቻ ነው ያሳደድኩት!»

«ይሆናል። አንዴ ከተከፈተ ግን በግ አሳዳጁን ከጎል አጥባቢው መለየት አልችልም።»

«ለዛሬ ብቻ ይማሩኝ ጌታዬ! አህዪት ብቻዋን ናት።»

አያ አንበሶ ሣጥኑን ቀስ አድርጎ መለሰለት። ያዘነለት ይመስላል። ከዚያ ግን፣ «ሰንጋ አምጣና አዲስ ሣጥን ውሰድ» ብሎ ፊቱን አዞረ። አያ ጅቦ ሰንጋ ከየት ያመጣል? የመጀመሪያውን እንኳ ያገኘው ገደል ገብቶለት ነው።

እንግዲህ ጅብ ጅብነቱን የረሳው ያን ጊዜ ነው። «ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ» አለ። ወንዙን ተሻገረ፣ በእርሻው ዳር ዳር እየተሹለከለከ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንደሩ ደረሰ፣ የበረቱ አጥር ሥር ተለጥፎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተጣራ።

«እመቴ!»

እመት አህዪት ሄድፎኗን እንዳጠለቀች ስክሪኗ ፊት ተኮራምታ ነበር። ድምፁን ስትሰማ ከጌሙ ውስጥ የመጣ መሰላትና ብድግ አለች።

«አያ ጅቦ! የት ጠፋህብኝ? ከርከሮ በባዶ ጎል ተጫወተብኝ እኮ! ብጠራህ ብጠራህ...»

«ሣጥኔን አባረሩት። አስከፍቼው ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ ልልሽ መጣሁ።»

«መጣሁ? የት መጣህ?»

«እዚህ። አጥሩ ሥር ነኝ።»

እመት አህዪት ሄድፎኗን ቀስ አድርጋ አወለቀች። ነፋሱ ሽታውን አመጣላት። ወደ በረቱ ጥግ አፈገፈገች።

«አያ ጅቦ፣ በናትህ ፈቀቅ በል።»

«እኔ እኮ ነኝ! በረኛሽ!»

«ድምፅህ የበረኛዬ ነው። ሽታህ ግን የጅብ ነው።»

አያ ጅቦ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀ። ስክሪኑ ላይ ጥፍር የምታክል ነበረች። እዚህ ግን ታፋዋ፣ ሽንጧ... «ኧረ እፈር!» አለ ራሱን። ምራቁ ግን ጌታውን አልሰማ ብሎ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። በመዳፉ አፉን ከደነ፤ በመዳፉ ሥር ወረደ።

«ምራቅህ እየወረደ ነው አያ ጅቦ» አለች እመት አህዪት።

«እኔ አላዘዝኩትም! እውነቴን ነው፣ አልበላሽም!»

«አንተማ አትበላኝ ይሆናል። እኔ ግን አንተን ከሆድህ መለየት አልችልም።»

ይህን ብላ አናፋች። ውሾቹ ተንጫጩ፣ የመንደሩ ሰው ዱላ ይዞ ወጣ፣ አያ ጅቦም ጭራውን ቆልፎ ፈረጠጠ። ቤቱ ሊደርስ ሲል አቶ ቀበሮን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«ሜዳው እንደሚያባርር ታውቅ ነበር አይደል? ገመዱን የነቀልከው ለዚያ ነው!» አለው አያ ጅቦ እያለከለከ።

«አዎ፣ ለዚያ ነው። እኔ ግን ምን ቀረብኝ?» አለ ቀበሮ ትከሻውን ሰብቆ። «እዚያ ሜዳ ላይ ስሜን የሚጠራ አልነበረም።»

አያ ጅቦ ቤቱ ገብቶ ሣጥኑን አበራ። ሁሉም ጌም አለ። በጎቹም ሳሩ ላይ ሆነው ይጠብቁታል። እነሱን አልፎ የኳሱን ጌም ከፈተና ከማሽኑ ጋር ብቻውን ጀመረ። ኳሷ በግራ በኩል ስትመጣ ተወርውሮ ያዛት።

«አየሽልኝ እመቴ?» አለ።

ሄድፎኑ ውስጥ ማንም አልመለሰለትም።

ከዚህ የምንማረው፣ በርካሽ አገኘሁ ብለን የሰበሰብነው ሁሉ «የኔ» ብሎ የሚጠራንን አንድ ወዳጅ ካሳጣን፣ ከገዛነው ሁሉ በላይ ውድ ዋጋ ያስከፈለን ያው በርካሽ ያገኘነው መሆኑን ነው።