ሸይኽ ጀውሃርና የወይራው ቅጠል

ግንቧ ባረጀ፣ መስጊዷ ከግንቡም ይበልጥ ባረጀ በአንዲት የጥንት ከተማ ሸይኽ ጀውሃር የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። በግቢያቸው ቅድመ አያታቸው የተከሉት ትልቅ ወይራ ነበር። ሸይኹ ቅጠሉን በጥላ አድርቀው ያስቀምጡታል። ቁስሉ የመረቀዘበት ሰው ሲመጣ ቀቅለው በውሃው ያጥቡለታል፤ ድዱ ላበጠው እንዲጉመጠመጥበት ይሰጡታል፤ ትኩሳት ለያዘው ደግሞ መራራውን ውሃ ለብ አድርገው ያጠጡታል። ከማንም ምንም አይቀበሉም። «ዱዓ አድርጉልኝ» ይላሉ፣ በቃ።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ፤ ድርቁን ተከትሎ ክፉ ወረርሽኝ ገባ። ትኩሳቱ የያዘውን በሳምንት ይጥላል። ሐኪም የለ፣ መሸሻ የለ። ሰዉ የሸይኹን ቅጠል ብቸኛ መዳኛ አድርጎ ያዘው፤ ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ ደጃቸው ላይ ይሰለፋል። ጥቂቱ ድኖ ተነሳ፣ ብዙው አልተነሳም። የዳነው ስለ ቅጠሉ ያወራል፤ የሞተው አያወራም።

ከዚያ ልጃቸውን ሙሂባን ያዛት። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዱንያ ላይ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ነበረች። ለጋ ለጋውን ቅጠል እየለቀሙ፣ እየቀቀሉ ስድስት ቀን አጠጧት። በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ «አባ፣ ትንሽ አጠገቤ ይቀመጡ» አለቻቸው። ደጅ ያለው ሰው ግን ይጣራ ነበር። «መጣሁ ልጄ» ብለው ወጡ። ከድስቱ እየቀዱ ሲያድሉ ቆይተው ሲመለሱ፣ ዐይኗ ወደ በሩ እንዳየ ቀርቷል። ከንፈሯ ደርቋል። በሞት አፋፍ የሚባለውን የእምነት ቃል፣ ሸሃዳ፣ ያስያዛት ሰው አልነበረም።

«ኢንና ሊላሂ» አሉ። ዐይኗንም በመዳፋቸው ከደኑላት።

ወሬው ሳይሰማ የከተማው ሽማግሌ ሐጂ በሽር ደረሱ። የእሳቸውም ባለቤት በትኩሳቱ ተኝታለች።

«አላህ ሶብሩን ይስጥዎ» አሉ ሐጂ በሽር። «ሸይኽ ጀውሃር፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ጀናዛዋን ጥቂት ሆነን በጓሮ በኩል እናውጣ። የጠየቀ ሰው ካለ፣ አጎቷ ዘንድ ሄዳለች ይበሉ።»

«ለምን?»

«የእርስዎን ልጅ ያላዳነ ማንን ያድናል ይላላ ሰዉ! ከዚህ ቅጠል ሌላ የቀረው ነገር የለም። ባለቤቴ እንኳ ፊቷ የሚፈታው ያን ኩባያ ስትጨብጥ ነው። ተስፋችንን አይንሱን።»

ሸይኹ ጋቢያቸውን አውልቀው ልጃቸውን አለበሷት። ልመናው ከክፋት እንዳልመጣ ያውቃሉ፤ የከበዳቸውም ይኸው ነው። ደግሞም ሞቷ ከተደበቀ፣ ስትሞት የት ነበሩ ብሎ የሚጠይቃቸው አይኖርም። ሐፍረታቸው አብሯት ይቀበራል።

«ጀናዛዋ ለሰው ይነገር» አሉ በመጨረሻ።

ከዙህር ሶላት በኋላ ተሰገደባት። አፈሩ ተመልሶ እንዳበቃ ሸይኹ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ወገኖቼ፣ ይህ ቅጠል ቁስል ያጥባል። የአፍ ሕመም ያስታግሳል። ትኩሳትንም ጥቂት ያቀል ይሆናል። ይህን በሽታ ግን አያድንም። ልጄን ስድስት ቀን አጠጣኋት፤ ሞተች። ስትሞት እኔ ደጅ ቆሜ ለእናንተ እቀዳ ነበር። አጠገቤ ተቀመጥ ብላኝ አልተቀመጥኩላትም። እናንተ ሂዱ፤ ከበሽተኞቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ።»

አንዲት ሴት እሪ ብላ አለቀሰች። አንድ ጎልማሳ የያዘውን ቅጠል መሬት ላይ ጥሎ ረገጠው። በማግስቱ በሸይኹ ደጅ ማንም አልቆመም፤ ሰላምታ የነፈጋቸውም ነበር። እሳቸው ግን በየቤቱ እየዞሩ ቁስል ያለበትን በቅጠሉ ውሃ ያጥባሉ፤ ለሌላው ውሃ ብቻ እያጠጡ ሸሃዳ ያስይዛሉ። ቤታቸው ሲመለሱ ሙሂባ የተኛችበትን መደብ ማየት አይችሉም።

በአራተኛው ቀን የሐጂ በሽር ባለቤት ሞተች። ሐጂው ከቀብር በቀጥታ ወደ ሸይኹ መጡ።

«ተስፋዋን ገደሉባት» አሉ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ኩባያውን አልነካም ብላ ሞተች።»

ሸይኹ አላስተባበሉም። «አጠገቧ ነበሩ?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

«ከእሷ ወዴት እሄዳለሁ? እጇ በእጄ ነበር።»

ሸይኹ ፊታቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ሸፍነው አለቀሱ። ሐጂ በሽር ንዴታቸው እየበረደ ቆመው አዩዋቸው።

«ግን ቢዋሹልን ምን ነበረበት?» አሉ ቀስ ብለው።

«ዛፉን አላህ ባርኮታል» አሉ ሸይኽ ጀውሃር። «በተባረከ ነገር ላይ ውሸት አልጨምርበትም።»

ይህን ታሪክ ስናገር፣ በሽታው ከዚያ በኋላ ቆመ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አልቆመም፤ እስከ ክረምቱ ድረስ ሰው ፈጀ። ሸይኹም ደግ ሠራሁ ብለው አልተጽናኑም፤ እስኪሞቱ ድረስ ያን ረፋድ ሲያስቡ ኖሩ። እኛ የሚጠቅም ነገር ስናገኝ የማያውቀውን ሥራ እንጨምርለታለን፤ ስናዝን ደግሞ ሰው እንዳይከፋው ብለን ሐቁን እንሸሽገዋለን። እውነት አማና፣ የአላህ አደራ ናት፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። አማና ደግሞ የሚሰጠን እንድንጽናናበት አይደለም፤ እንዳለ እንድንመልሰው ነው።