ልደትን ሴት የምታውጅበት ደብር

ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለችው ወይናት ሚካኤል የምትታወቀው በአንድ ጥያቄ ነው። በየዓመቱ የገና ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በኖላዊ ሰንበት፣ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ካህኑ ደጀ ሰላሙ ላይ ይቆምና ፊቱን ወደ ሴቶቹ ወገን አዙሮ «ዘንድሮ ልደት መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ባሕረ ሐሳብን እንደ ውሃ የጠጡ ሊቃውንት አጠገቡ ቆመው እያሉ አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም። የምትመልሰው ፊደል ያልቆጠረች አንዲት ሴት ናት። ልማዱ ከየት እንደመጣ የደብሩን ሽማግሌዎች የጠየቀ ሰው መልሱን ቶሎ አያገኝም፤ ታሪኩ አያቶቻቸውን የሚያኮራ ስላልሆነ መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን የደብሩ አለቃ አባ ወልደ ትንሣኤ የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። የአገሩን ሰው ግማሹን ክርስትና ያነሡ፣ ሌላውን ግማሽ ያጋቡ ናቸው። በዓላትንና አጽዋማትን ቀምረው የሚያውጁትም እሳቸው ነበሩ፤ ከእሳቸው ቃል በኋላ ሌላ ቃል አይሰማም። በሽምግልናቸው ማለቂያ ላይ ግን ነገር ይምታታባቸው ጀመር ይባላል። አንድ ዓመት፣ የመስከረም አንድ ዕለት፣ «ዘመነ ዮሐንስ ገባ» ሊሉ ሲገባቸው «ዘመነ ሉቃስ» አሉ። ሉቃስ አምና ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ ዮሐንስ እንደሚገባ እረኛም ያውቃል። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ «አፋቸውን አዳልጧቸው ነው» አለና ወደ ቤቱ ሄደ። ያንን ሰምቶ «አባ፣ ተሳስተዋል» ያለ ግን አልነበረም።

የሉቃስ ዓመት ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች፤ በዚያች በተጨመረች አንድ ቀን ምክንያትም በሚቀጥለው በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ መሆኑ ቀርቶ በሃያ ስምንት ይውላል። ስለዚህ የመስከረሟ ስሕተት እንደ ተዳፈነ እሳት እስከ ታኅሣሥ ቆየች። የኖላዊ ሰንበት በደረሰ ጊዜ አባ ወልደ ትንሣኤ «ልደት በሃያ ዘጠኝ ነው፤ ተዘጋጁ» ብለው አወጁ። በሌላ ዓመት ቢሆን ገበያ ወጥቶ የተመለሰ ሰው የጎረቤት ደብርን ወሬ ያመጣ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ፈንጣጣ ገብቶ መንገዱም ገበያውም ተዘግቷል።

ይህን አዋጅ ከሴቶቹ ወገን ቆማ የሰማች የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። የሻረግ ቀን የምትቆጥረው በምክንያት ነው። ባሏ መኩሪያው በድንበር ጠብ የሰው ነፍስ አጥፍቶ ነበር። ከሟች ወገን ጋር ታርቋል፤ ከእግዚአብሔር ጋር ግን ገና ነው። አባ ወልደ ትንሣኤ የሰጡት ቀኖና፣ ከልደት እስከ ልደት ሰባት ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሞ እንዲያስቀድስ፣ ሰባተኛው ሲሞላም ሥጋ ወደሙ እንዲቀበል ነበር። መኩሪያው ዝናብ ሲመታው፣ ፀሐይ ሲያከስለው፣ አንዲት ቅዳሴ ሳያጎድል ስድስቱን ዓመት ቆመ። ሰባተኛው ከጀመረ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ጎኑን ታመመ፤ እንደገና ተሻለው፤ በጳጉሜን ማለቂያ ላይ ግን ጨርሶ ወደቀ። ታኅሣሥ ሲገባ ከሰውነቱ የቀረው አጥንትና ዓይን ብቻ ሆነ።

አባ ወልደ ትንሣኤ አልጋው ድረስ መጥተው «ልጄ፣ የቀረችህን ላንሣልህ፤ ዛሬውኑ ላቁርብህ» ቢሉት እንቢ አለ።

«አባቴ፣ እኔ የገደልኩት ሰው አንድ ቀን አልተጨመረለትም» አለ። «ለእኔም አንድ ቀን አይቀነስልኝ። ልደት ድረስ እቆያለሁ።»

እልኸኛ ነበር፤ ሰውም ያስገደለው እልኹ ነው። የሻረግ ግን ስታየው ታውቃለች። ሃያ ስምንትን ሊደርስ ይችላል፤ ሃያ ዘጠኝን አይደርስም።

በመጀመሪያ የሄደችው ወደ ደብተራ ቢሻው ነው። ቢሻው ባሕረ ሐሳብን ከአባ ወልደ ትንሣኤ እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ ሰው ነበር።

«ደብተራ» አለችው፣ «ዘንድሮ ልደት በሃያ ስምንት አይደለም እንዴ?»

ቢሻው ግራና ቀኙን አየ። «ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን እኔ አላልኩሽም። የእሳቸውን ሽበት በአደባባይ ማን ያዋርዳል? ለአንድ ቀን ብለሽ፣ እቴ! ዝም አይነቅዝም።»

«የእኔ ሰው ይነቅዛል» አለችውና ወጣች።

ሌላም ሰው ሞከረች ይባላል። የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ አንገቱን ነቀነቀ፤ ጭቃ ሹሙ ሌላ ወሬ አመጣ። ያን ጊዜ ነው የገባት፤ የማያውቅ ሰው አልነበረም። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ አገሩ ሁሉ ያከብራል፤ ባሏም በዚያ ሁሉ አክብሮት መካከል ሊሞት ነው። ተናደደች፣ አለቀሰችም። ለባሏ ብትነግረው ደግሞ «አባ ካሉ አሉ ነው» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ታኅሣሥ ሃያ ሰባት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ የጾሙ ቅዳሴ ተጠናቆ ሕዝቡ ሊሰናበት ሲል የሻረግ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። በዚያ ቦታ ሴት ድምፅዋን አሰምታ አታውቅም። መሬት ሳመች።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ያለፈችው ጳጉሜን ስንት ቀን ነበረች?»

ከወንዶቹ በኩል «ኧረ ይቺ ሴት!» የሚል ጉምጉምታ ተነሣ። እሷ ቀጠለች። «እኔ ፊደል አላውቅም፣ አባቴ። መኩሪያው የወደቀው ግን ጳጉሜን ስድስት ቀን ነው። በማግሥቱ ሰው እንቁጣጣሽ ሲል እኔ ቤት ልቅሶ ነበር። ይህን አልረሳም። ጳጉሜን ስድስት ከነበረች የነገው ቀን ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ፤ እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ቢሻው ዞሩ።

«ቢሻው፣ እውነቷን ነው?»

ቢሻው መሬት መሬት አየ። «እውነቷን ነው፣ አባ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እናንተስ?» አሉ አባ ወልደ ትንሣኤ፣ ዓይናቸውን በወንዶቹ ላይ እያዞሩ። ወንዶቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ሽማግሌው አለቀሱ። «የእኔን ሽበት ስታከብሩ የጌታዬን ልደት ልታሳልፉብኝ ነበር?» አሉ። ለየሻረግ በሕዝቡ ፊት ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ ቀጥሎም «ደወል ምቱ፤ ዛሬ ጋድ ነው፤ ልደት ነገ ነው» ብለው አዘዙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሽማግሌዎቹ ፈገግ እያሉ ነው የሚናገሩት። ጠላው ጉሽ ነው፣ በጉ ከመስክ አልገባም፣ ዶሮውም አልተያዘ። አገሩ ግን በዚያች ምሽት ስለ ድግስ አላሰበም። ቤተ ልሔም እሳት ተጫረ፤ ለኅብስቱ የሚሆነው ስንዴ በጥድፊያ ተለቅሞ ተፈጨ፤ ቄጠማ የሚያጭደው ወደ ወንዝ ወረደ። አራት ሰዎችም ቃሬዛ ይዘው ወደ መኩሪያው ቤት ሄዱ። ከአራቱ አንዱ መኩሪያው የገደለው ሰው ታናሽ ወንድም ነበር ይባላል፤ ማንም አልጠራውም፣ በራሱ ነው የመጣው።

የሻረግ ባሏን ቀና አድርጋ «ተነሥ፣ ልደት ነው» አለችው።

«በእኔ ሞት እንዳታታልይኝ» አለ መኩሪያው።

መልሱን የሰጠው የሟቹ ወንድም ነው። «አላታለለችህም። አባ ራሳቸው አውጀዋል። ሞልቶልሃል፤ ና እንግባ» አለና የቃሬዛውን ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ።

መኩሪያው ሰባት ዓመት የቆመባትን ቅጥር ተሸክመው አሳለፉት፤ የልደት ቅዳሴም ተቀደሰ፤ አባ ወልደ ትንሣኤ በገዛ እጃቸው አቆረቡት። ሲነጋ ወደ ቤቱ መለሱት። የሻረግ ማር በውሃ በጥብጣ ከንፈሩን አራሰችለት፤ ሁለት ጊዜ ዋጠ፣ «ጣፈጠኝ» አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐረፈ። ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ሲነጋ ግብዓተ መሬቱ ተፈጸመ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው የተቀበረው።

አባ ወልደ ትንሣኤ ከዚያ ዓመት በኋላ በዓልን ብቻቸውን አላወጁም። በኖላዊ ሰንበት ወደ ሴቶቹ ዞረው የሻረግን ይጠይቋታል፤ እሷ ስታልፍም ሌላዋ ተተካች፤ እንዲህ እያለ ከእኛ ዘመን ደረሰ። ዛሬ የቀን መቁጠሪያ በየግድግዳው ተሰቅሏል፤ ልደትን ለማወቅ ሴት የሚጠይቅ ሰው የለም። ወይናት ሚካኤል ግን አሁንም ይጠየቃል። የተመረጠችዋ ሴት ነጠላዋን አስተካክላ ቀኑን ስትናገር፣ ከሊቃውንቱ እስከ ጎረምሳው ድረስ ወንዶቹ ሁሉ አንገታቸውን ይደፋሉ። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይህን አይቶ «ሴትን እንዴት ቢያከብሩ ነው!» ይላል። ሽማግሌዎቹ እንግዳን ማሳፈር ስለማይወዱ «አዎ» ይሉታል፤ ለገዛ ልጆቻቸው ግን እውነቱን አይደብቁም፦ አንገት የሚደፋው አፍሮ ነው፤ እያወቀ ዝም ያለ ሰው ልጅ ስለሆነ።