የተበየደችው ብሎን

አንድ አስናቀ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር። ስሙን ያስጠራው ግን ማስተማሩ ሳይሆን፣ የቆመ መኪና ለምን እንደቆመ ፈልጎ ማግኘቱ ነው። ጎንበስ ብሎ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «ባትሪ አይደለም» ካለ፣ ባትሪ አይደለም። በአሮጌ መኪና ባለቤቶች ማኅበር ውስጥ ሊቀ መንበሩ እንኳ የሚናገረው እሱ ከተናገረ በኋላ ነበር።

ማኅበሩ ስምንት አባላት ነበሩት። ደንቡ አንድ መስመር ነው፦ የአንዱ መኪና አልነሳ ካለ ሌሎቹ ሥራቸውን ትተው ይመጣሉ። ቀልደኛው አባል ፈለቀ «ዕድር ለሞተ ሰው ይደርሳል፤ እኛ ለሞተ ሞተር እንደርሳለን» ይል ነበር። ደንቡም በእውነት ይከበር ነበር። ስለ ሌላ ነገር ግን ምንም አይልም።

ከአባላቱ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ ጡረታ የወጡ የካርታ ባለሙያ ነበሩ። መኪናቸው ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ፈረንጅ በረሃ አቋርጦ ያመጣት፣ ውስጧ አልጋና የጋዝ ምድጃ ያላት፣ ቤትም መኪናም የሆነች ነበረች። እሳቸውና ባለቤታቸው በስተርጅና አገር ሊዞሩባት ነበር የገዟት። ባለቤታቸው ግን ጉዞው ሳይጀመር ዐረፉ። መኪናዋም ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ግቢያቸው፣ ሾላው ሥር ቆማ ቀረች።

ሽማግሌው መጀመሪያ የማኅበሩን ሰዎች ምሳ ጠሩ። «እሑድ ኑ፤ ምስር ወጥ እኔው ራሴ እሠራለሁ» አሉ። አንዱ ለቅሶ ነበረበት፤ አንዱ ልጅ ያስጠና ነበር፤ አስናቀ ደግሞ የፈተና ወረቀት ያርም ነበር። ማንም አልሄደም። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ እሑድ አጭር ስለሆነች ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ መልእክት ላኩ፦ «መኪናዬ አልነሳ አለች።»

ሰባቱም ሄዱ።

ያን ቀን ብልሽቱ እውነተኛ ነበር። ቁልፉ ሲዞር አንዴ ቀጭ ይልና ዝም ይላል። አስናቀ ባትሪውን አየ፤ ደህና ነው። ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አወረደ፤ ከፈታው በኋላ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍለት ካርቦን ተበልቶ ማለቁን አገኘ። ጋሽ ወንድይፍራው ከአልጋው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ መለዋወጫ ሞተሪኖ አወጡ።

«ይቀመጥልዎት፤ ካርቦኑን ብቻ እንቀይረዋለን» አለ አስናቀ። «ይህን የመሰለ ዛሬ አይገኝም። የእኔም መኪና የምትነሳው በዚሁ ዓይነት ነው፤ ለመድኃኒት ፈልጌ አጥቻለሁ።»

«እንግዲያው ላንተም ይሆናል ማለት ነው» አሉና መልሰው ጠቀለሉት።

ሥራው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ምስር ወጡ በጋዙ ምድጃ ላይ ተሠራ፤ ሁለት ብርጭቆ ብቻ ስለነበረ ሻዩ በተራ ተጠጣ። ሽማግሌው በእግራቸው የለኩትን ተራራ ሁሉ ሲያወሩ ዋሉ። መኪናዋ ስትነሳ ሁሉም አጨበጨበ፤ ጋሽ ወንድይፍራው ግን ትንሽ ዘግይተው ነው ያጨበጨቡት። አስናቀ ይህን አይቷል። እጃቸው ስለደከመ መሰለው።

በሦስተኛው ሳምንት መኪናዋ እንደገና ቆመች። የባትሪው ሽቦ ላልቶ ተገኘ። ከወር በኋላ ደግሞ ቆመች፤ ከዚያም ደገመች። በየጊዜው ሰዎቹ መጡ፤ በየጊዜውም ምስር ወጡ ደርሶ ጠበቃቸው። በአራተኛው ጊዜ በመኪናዋ ግድግዳ ላይ ስምንት ማንጠልጠያ ተመትቶ፣ ስምንት አዳዲስ የሻይ ኩባያዎች ተሰቅለው ነበር።

አስናቀ ግን ኩባያ አይቆጥርም፤ ብልሽት ነው የሚመዘግበው። ደብተሩን ሲያገላብጥ አራቱም ብልሽት እሑድ የደረሰ ሆኖ አገኘው። ሞተሪኖ ደግሞ የቀን አቆጣጠር አያውቅም።

በአምስተኛው ጊዜ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ከባትሪው ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ የምታስረውን ብሎን በባትሪ መብራት አየ። ብሎኗ ላልታለች። ዙሪያዋን ዝገት በልቶታል፤ ጠርዟ ብቻ ትናንት መፍቻ እንደነካው ያበራል።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ ይችን ብሎን ማን ፈታት?» አለ ከሥር እንደተኛ።

«መንገዱ ነዋ ልጄ፤ ያንገጫግጫል።»

«መኪናዋ ከዚህ ሾላ ሥር ከተነቃነቀች ዓመት አልፏታል። የቱ መንገድ ነው ያንገጫገጫት?»

ሰዎቹ ሳቁ። ፈለቀም «ሾላው ይሆናላ፣ ሲራመድ!» አለ፤ ሳቁ ባሰ። ሽማግሌውም አብረው ሳቁ። ቀጥለው እጃቸውን አዩና ወደ ኪሳቸው ከተቱት።

«ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም ይሄ እጅ» አሉ።

አስናቀ ተናደደ። ከስንት ሥራው ተጠርቶ፣ አንድ ጤነኛ ማሽን አራት ጊዜ አታልሎታል። ፈለቀን ልኮ የብየዳ መሣሪያ አስመጣና ብሎኗን አጥብቆ በየዳት። ሲጨርስ በመዶሻ ሁለት ጊዜ መታት፤ አልተነቃነቀችም።

«ከእንግዲህ ይች መኪና እርስዎን አታስቸግርም፤ እኛንም አታስጠራም» አለ።

«እጅህ ይባረክ» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «ምሳ ግን ደርሷል። አትበሉም?»

«ሌላ ጊዜ ጋሼ። አሁን እኮ ችግር የለም።»

እጃቸውን ተጣጥበው ሄዱ። ደንቡ ተፈጽሟል።

ከዚያ በኋላ ከሾላው ግቢ መልእክት አልመጣም። ከሁለት ወር በኋላ ፈለቀ በማኅበሩ ቴሌግራም ላይ «ጋሽ ወንድይፍራው ጠፉ፤ የአስናቀ ብየዳ ያዘ ማለት ነው» ብሎ ጻፈ። ስድስት ሰው አውራ ጣቱን ከፍ አድርጎ መለሰ። አስናቀም አንዱ ነበር፤ ኮርቷል።

በስድስተኛው ወር የአስናቀ የራሱ መኪና ቆመች። ካርቦን አይደለም፤ ሞተሪኖው ራሱ ተቃጥሏል። ያን ጊዜ በጨርቅ የተጠቀለለው መለዋወጫ ትዝ አለውና በታክሲ ወደ ሾላው ግቢ ሄደ።

በሩን የከፈቱለት ጎረቤቲቱ እትዬ ዘነቡ ነበሩ።

«ጋሽ ወንድይፍራውን ፈልጌ ነበር።»

«አልሰማህም እንዴ የኔ ልጅ? አርባቸው ከወጣ ሳምንት ሆነው።»

አስናቀ የሚቀመጥበት ፈለገ። እትዬ ዘነቡ በርጩማ አቀበሉትና ራሳቸው እንደቆሙ ቀጠሉ።

«ዕድሩ በወጉ ቀበራቸው፤ ምንም አልጎደለም። እኔ የማይገባኝ ግን አንድ ነገር ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምስር ወጣቸውን ይሠሩና እዚያች መኪና ውስጥ ገብተው ቁልፉን ያዞራሉ። ወዲያው ትነሳለች። ያጠፉና ደግመው ያዞራሉ፤ አሁንም ትነሳለች። ‹ዛሬም ተነሳች› ይሉኛል ፊታቸው ጠቁሮ። መኪናው ስለተነሳለት የሚያዝን ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

አስናቀ ተነስቶ ወደ መኪናዋ ገባ። ስምንቱ ኩባያዎች እንደተሰቀሉ ናቸው፤ ሰባቱ አቧራ ለብሰዋል። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ፤ አንድም የተሳሳተ ድምፅ አልነበረውም። በሕይወቱ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የተዋጣለት ይህ ነበር። አጠፋውና እንደ ሽማግሌው ቁልፉን ደግሞ አዞረ፤ አሁንም ተነሳ።

እትዬ ዘነቡ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አቅፈው መጡ።

«አስናቀ የምትባለው አንተ ነህ? ይህን ላንተ አደራ ብለውኛል። ‹ልላክለት ወይ?› ብላቸው፣ ‹የለም፣ የሱም መኪና አንድ ቀን መቆሟ አይቀርም፤ ያኔ ይመጣል› አሉኝ።»

ብልሽት መፈለግ ትልቅ ሙያ ነው። አስናቀም አልተሳሳተም፤ ብሎኗ በእጅ ተፈትታ ነበር። የተሳሳተው፣ ብሎኗን ማን እንደፈታት ጠይቆ ለምን እንደፈታት ሳይጠይቅ በመበየዱ ነው። ሰው «ብቸኝነት ገደለኝ» ብሎ አይጠራም፤ ያፍራል። በሚከበረው ምክንያት ይጠራል፤ «ስልኬ እንቢ አለኝ፣ ይችን ደብዳቤ አንብብልኝ፣ መኪናዬ አልነሳ አለች» ይላል። እኛም ስልኩን፣ ደብዳቤውን፣ መኪናውን አስተካክለን፣ ሰውየውን እንደተበላሸ ትተነው እንሄዳለን፤ ከዚያም ዝም ሲል ደህና ሆነ እንላለን።

በትንሽ በትልቁ እየጠራ የሚያሰለችህ ሰው ማን ነው? ዝም ካለስ ስንት ጊዜው? ዛሬ ከጠራህ ሂድ። ብሎኑንም ከማጥበቅህ በፊት ምሳውን ብላ።