ሰባት ቁጥር ወንበር

አንድ ቀን... ቆይ፣ መጀመሪያ ልማልላችሁ። ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ ነገ ፀሐይ አትውጣልኝ! በገዛ ሕይወቴ ነው የምምለው፤ በሰው ሕይወት ምዬ አላውቅም።

አንድ ቀን፣ ጥምቀት ሊደርስ ሲል፣ አንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ድርጅት የጎንደር ትኬቱን በኢንተርኔት ልሽጥ ብሎ ተነሣ። የድርጅቱ ባለቤት እትዬ አሰገደች ናቸው። አውቶቡሶቻቸው ጠዋት ሲሰለፉ ጭራው መርካቶ ሆኖ ራሱ ደብረ ማርቆስ ይደርስ ነበር፤ ቆሜ ያየሁት ነው። የኮምፒውተሩን ሥራ የያዘው ደግሞ ኢንጂነር ልዑልሰገድ ነው። ይህ ሰው የማያውቀው ነገር ገና አልተፈጠረም። ዝናብ ሲዘንብ እንኳ ቀና ብሎ አይቶ «ትንሽ ወደ ግራ ቢሆን ይሻል ነበር» ይላል።

ከእሱ ሥር የሚሠራው ሽብሩ ነው። ሽብሩ የተሠራውን ነገር የሚፈትን ሠራተኛ ነው፤ ምላሱ ስለት ስለሆነ ዝንብ እንኳ በአጠገቡ ስታልፍ ክንፏን ትሰበስባለች።

እንግዲህ ሽያጩ ከመከፈቱ በፊት፣ ሕዝብ ቢጎርፍበት ሲስተሙ ይችለው እንደሆነ መፈተን አለበት። ለዚህ እውነተኛ ሰው አይሰበሰብም። ኮምፒውተር ውስጥ የሌሉ መንገደኞች ይፈጠሩና ባንድ አፍ «ትኬት! ትኬት!» ብለው ይጮኻሉ። አንድ ሺህ ነበሩ የሚል ሰው አለ፤ እኔ ግን ግማሽ አገር ነበር ባይ ነኝ።

ሲስተሙ ለእነዚህ ሰዎች መልስ የሚልከው ኤክስኤምኤል በሚባል አጻጻፍ ነው። አትፍሩ፣ እንደ ባላገር ሰላምታ ቁጠሩት፤ ከፊትም «እንዴት ነህ»፣ ከኋላም «እንዴት ነህ»፣ ዋናው ጉዳይ መሐል ላይ ተወሽቆ። ወንበር ሲሰጥም «ወንበር» ብሎ ይከፍታል፣ ቁጥሩን ያስቀምጣል፣ «ወንበር» ብሎ ይዘጋል። መንገደኛው ያንን ቁጥር ከመሐል መዝዞ «ይኼን ቁረጡልኝ» ብሎ መላክ አለበት።

ኢንጂነር ልዑልሰገድ ግን ምን አደረገ? ራሱ አንድ ጊዜ ትኬት ገዛ። ኮምፒውተሩ እሱ ያለውን ሁሉ ቃል በቃል እንደ በቀቀን እንዲቀዳ አደረገና ያንኑ ለሕዝቡ ሁሉ አባዛው።

ሽብሩ ይህን ሲያይ ጭንቅላቱን አከከ።

«ኢንጂነር፣ ቁጥሩን ከየመልሱ መሐል የሚመዝ ነገር እንጨምርበት። እነዚህ ሰዎች የተሰጣቸውን ሳያዩ ነው የሚያወሩት።»

«መልስ መጣ አልመጣም?»

«መጣ።»

«ፈጥኖ ነው ዘግይቶ?»

«ኧረ በጣም ፈጥኖ።»

«ታዲያ ሆዱን ቀደህ ምን ልትፈልግበት ነው? መልስ መልስ ነው!»

«የእኛ ሰፈር ቢሮም ፈጥኖ ይመልሳል እኮ ኢንጂነር። ‹ነገ ና› ነው የሚለው።»

ኢንጂነሩ ከንዴቱ የተነሣ መነጽሩ በጉም ተሸፈነ፤ ትንሽ ቢቆይ ይዘንብ ነበር።

«ስማ አንተ! ነገ ጠዋት እትዬ አሰገደች እንግዶች ይዘው መጥተው ይፈርማሉ፣ ሽያጩም ይከፈታል። ሳትጠየቅ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ሻንጣህን ይዘህ ውጣ! የአንተ ሥራ አዳራሹን ማዘጋጀት ነው። ወንበር መደርደር ያቅትሃል?»

«አያቅተኝም» አለ ሽብሩ። «ዋናው ነገርማ ወንበር ነው።»

ኢንጂነሩ ሲወጣ ሽብሩ ቁጭ አለና «ትኬትዎ ተቆርጧል» ከሚለው ከየመጨረሻው መልስ መሐል ቁጥሩን መዘዘው። የመጀመሪያው ሰባት። ቀጣዩ ሰባት። የሚቀጥለው? ሰባት! ለካ ኢንጂነሩ ያን ጊዜ ሲገዛ የደረሰው ሰባት ቁጥር ወንበር ኖሯል። በቀቀኖቹ ሁሉ፣ ሲስተሙ የፈለገውን ወንበር ቢሰጣቸው፣ «ሰባት ቁረጡልኝ» ይላሉ። ሲስተሙም «ተይዟል» ማለት አያውቅበትም፤ እንደ አዲስ ሙሽራ «እሺ፣ እሺ» እያለ ለሁሉም ቆርጧል።

ይህ ነገር ነገ ቢከፈት፣ ለጥምቀት ነጠላውን አጥቦ ሻንጣውን የሸከፈ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ወንበር ሊጣላ ነው። ቢናገር ደግሞ እንጀራው ሊቋረጥ ነው። ሽብሩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፈገግ አለና ወንበር ሊደረድር ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ አሰገደች እንግዶቻቸውን አስከትለው ደረጃውን ሲወጡ ኢንጂነሩ ከጎናቸው ሆኖ ያወራል።

«ዓይን እስኪርገበገብ እትዬ! ያ ሁሉ ሕዝብ ትኬቱ ተቆረጠለት። አንድ ሰው እንኳ ‹ወንበር አጣሁ› ብሎ አልተመለሰም።»

«ሁሉም? ለጥምቀት?» አሉ እትዬ አሰገደች። «እኔ ይህን ሥራ ስሠራ ለጥምቀት ለሁሉም ወንበር የበቃበት ዓመት አላውቅም።»

«ዘመኑ ተለውጧል እትዬ!» ብሎ በሩን ከፈተ።

አዳራሹ ባዶ ነው። መሐል ላይ አንድ ቀይ ወንበር ብቻ ቆሟል፤ መደገፊያው ላይ በትልቁ «7» ተጽፎበታል። ሽብሩ ከጎኑ ቆሟል፣ አንድ እጁን በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ የታክሲ ረዳት ወደ ላይ ሰቅሎ።

«ሽብሩ! ወንበሮቹስ?» አለ ኢንጂነሩ።

«ይኸው።»

«ይኼማ አንድ ነው!»

«አዎ፣ ሰባት ቁጥር ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ይኼ ሁሉ እንግዳ እዚህች ላይ እንዴት ሊቀመጥ ነው?»

ሽብሩ እጅ ነሣ፤ አሁን ተጠይቋላ።

«ኢንጂነር፣ ትናንት ያንን ሁሉ ሕዝብ ሰባት ቁጥር ላይ አስቀምጠው ጎንደር የሸኙት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ለእነዚህ ለጥቂቶቹ ምን አስጨነቀዎት?» አለና ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ በመርካቶ ድምፅ፣

«ጠጋ ጠጋ በሉ!»

በሳቁ ብዛት የሕንጻው መስኮት ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ። እትዬ አሰገደች ብቻ አልሳቁም። ሽብሩን ኮምፒውተሩ ጋ አስቁመው ነገሩን ከሥሩ አስነገሩት።

«አንዱን የትኬት መልስ ክፈትልኝ ልጄ። መሐሉ ላይ ምን ይላል?»

«ሰባት።»

«ሌላስ?»

«ሰባት።»

«ኢንጂነር፣ ይኼን አይተኸው ነበር?»

ኢንጂነሩ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር፤ ጉሙ ግን አልለቅ አለው።

እትዬ አሰገደች እስክሪብቷቸውን ቦርሳቸው ውስጥ መልሰው ሄዱና ቀዩ ወንበር ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

«እኔ ተቀምጫለሁ» አሉ። «ሌሎቻችሁ ለመንገደኛው ሁሉ የየራሱ ወንበር እስኪገኝለት ድረስ ቆማችሁ ሥሩ። መምዘዙን ሽብሩ ይያዘው፤ ኢንጂነር፣ አንተ ደግሞ ለሲስተሙ ‹ተይዟል› ማለት አስተምረው።»

ሥራው ለጥምቀት ደረሰ። ሰዉም በየወንበሩ ተቀምጦ ጎንደር ገባ። ኢንጂነር ልዑልሰገድ ግን ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ በሉ» ሲል ከሰማ፣ ዝናብም ቢሆን ወርዶ በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። ዝናቡን ወደ ግራ እያረመ።

በሕይወቴ ምያለሁና አንዲት ነገር ሳልናዘዝ አልነሣም። ወንበሩ ቀይ አልነበረም፤ ሰማያዊ ነበር።