አያ ጅቦ ዋጋ ሲጠራ

ፀሐይ በምትጠልቅበት አገር፣ ከትልቁ ባሕር ዳር፣ አንዲት የአራዊት ከተማ ነበረች። ንጉሥ ነበራት፤ ኮረብታው ላይ የሚተኛ አንበሳ። ከንቲባም ነበራት፤ ጨርሶ የማይተኛ አያ ጅቦ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ከተማዋን ያኖራት ከሁለቱ አንዱም አይደለም፤ መካከሏ ላይ የተዘረጋው ገበያ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ብትዞሩት አትጨርሱትም። ቀዩ የዘንባባ ዘይት፣ የደረቀው ዓሣ፣ ጨርቁ፣ ቲማቲሙ፣ ሁሉም በየረድፉ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍም “እናት” የሚሏት አንዲት ሽማግሌ አለችው። ጠብ የምታበርድ፣ በሚዛን ያጭበረበረን የምትቀጣ፣ የታመመን የምትጠይቅ እሷ ናት። ከእናቶቹ ሁሉ የምትከበረው ቦዬ የሚባለው ሥራሥር የሚሸጥበት ረድፍ እናት፣ እመት ጃርት ነበረች።

የተከበረችው በእሾኋ አይደለም፤ በአፏ ነው። በዚያ ገበያ የመጀመሪያውን ዋጋ ዝም ብሎ መቀበል ነውር ነው። ሻጭ ሃያ ካለ ገዥ አምስት ይላል። ሻጭ “ልጆቼን ልታስርብብኝ ነው” ብሎ ደረቱን ይመታል፤ ገዥ “በቃ ሄድኩ” ብሎ ይመለሳል። መሐል ላይ ይገናኙና ሁለቱም “አሸነፍኩ” እያሉ ይለያያሉ። በዚህ ጥበብ እመት ጃርት እኩያ የላትም፤ ዝሆንን እንኳ በሦስት ቃል አፍ ታስይዘዋለች።

አያ ጅቦ ይህን የገበያተኞቹን ጠባይ ያወቀው አንድ ቀን ቲማቲም ሊገዛ ቆሞ ነው ይባላል። ጅብ ቲማቲም ምን ያደርግለታል አትበሉኝ፤ ሹም ምን የማይገዛው አለ?

በዓመቱ እናቶቹን ሰበሰበና፣ “ንጉሡ የገበያውን ግማሽ ለመናፈሻ ፈልገውታል” አላቸው። ጉባኤው ተንጫጫ። እመት ጃርት ተነሣች።

“አያ ጅቦ፣ እርስዎ የጨዋ ልጅ ነዎት። ግማሽማ እንዴት ይሆናል? አሥረኛውን እጅ ይውሰዱና እንመርቅዎ።”

“ንጉሡ ይገድሉኛል” አለ ደረቱን እየመታ። ተነሥቶ ሄደ፤ ከበሩ ተመለሰ። በመጨረሻ በአምስተኛው እጅ ተስማሙ።

ገበያው በእልልታ ቀለጠ። ጨርቅ ሻጮቹ ረድፋቸውን አጥተው መንገድ ዳር ወጡ። እነሱም ሳይቀሩ እልል አሉ፤ ግማሽ ሊሆን ይችል ነበራ!

በሁለተኛው ዓመት፣ “ሳምንቱን ሙሉ የንጉሡን መንገድ ጥረጉ” አለ፤ ወደ ሁለት ቀን አወረዱት። በሦስተኛው ዓመት ገበያተኛው የሚጠጣበትን ምንጭ አጠረው፤ ተከራክረው በቀን ለሦስት ሰዓት አስከፈቱት። እመት ጃርት ባለፈች ቁጥር መንገድ ይለቀቅላት ጀመር።

ከበረሃው የሚመጣው አቧራማ ነፋስ በሚነፍስበት ሰሞን አንድ ከርከሮ መጣ። ከሌላ ቦታ የገዛውን አንድ ቅርጫት ቦዬ ከእመት ጃርት ክምር አጠገብ አስቀምጦ ትንሽ አረፈ፤ ከዚያ ዞር አለና በዚያው ቅርጫት ላይ ዋጋ ጠየቃት። እሷም ለቀልድ ጠራችለት። ተከራከራት፤ ላብ እስኪያጠምቀው ተከራከራት፤ በግማሽ ጣለና ከፈለ።

“አንተ ቂል፣ የራስህን ነው እኮ የገዛኸው” ብላ እየሳቀች ገንዘቡን መለሰችለት።

“ቢሆንስ፣ በግማሽ ዋጋ ነዋ!” አላት።

እመት ጃርት ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ማልዳ እናቶቹን ሰበሰበች።

“እኅቶቼ፣ ዋጋ የሚጠራ ባለ ዕቃው ነው። ይህ ጅብ ሦስት ዓመት ሙሉ የኛኑ ለኛው ሲሸጥልን ኖሯል። መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ አፌን ይቁረጠው። ከእንግዲህ ምንም ቢጠራ ቁጥር እንዳትጠሩ። ‘የኛ ነው’ ብላችሁ ዝም በሉ።”

“ትንሽ ቁጥርም አይቻል?” አለች የቲማቲም ረድፍ እናት ወይዘሮ ጅግራ።

“ትንሽም።”

ሁሉም ማሉ።

በአራተኛው ዓመት አያ ጅቦ መጣ። “ንጉሡ አርጅተዋል፤ ማደን ተስኗቸዋል። በየወሩ ከገበያው ሃያ ነፍስ ለማዕዳቸው እንዲላክ አዘዋል” አለ።

“ነፍሳችን የኛ ነው” አለች እመት ጃርት፤ ዝምም አለች። ጉባኤው ሁሉ ዝም አለ።

ጅብ ጠበቀ። ጆሮውን አከከ። ከዚያ ተነሣና ወደ በሩ ቀስ እያለ መራመድ ጀመረ። እመት ጃርት አንገቷን አስግጋ በዓይኗ ሸኘችው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ሳይቀናው ሲሄድ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

“እንግዲያው ሃያው ጸና ማለት ነው” አለ።

“አምስት” አለች ወይዘሮ ጅግራ።

ወዲያው አፏን በክንፏ ያዘች። አያ ጅቦ ግን ደረቱን እየመታ ተመልሶ ነበር።

“ንጉሡ ይገድሉኛል። አሥራ አምስት።”

“ስድስት” አለች የዓሣ እናት።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛቸው። እመት ጃርት “ዝም በሉ፣ ዝም በሉ” ብትል፣ “ዛሬ ደክሞዎታል፣ ለኛ ይተዉት” አሏት። በስምንት ተዋዋሉ። ወይዘሮ ጅግራን በትከሻቸው ተሸክመው ገበያውን አዞሯት። ስትወርድ በቀጥታ ወደ እመት ጃርት መጣች፤ ፊቷ በደስታ በርቶ ነበር።

“እንዴት ነበርኩ? አሥራ ሁለት ነፍስ አዳንኩ።”

“ስምንቱስ እነማን ናቸው?” አለች እመት ጃርት።

ጅግራ ዞራ እልል ባዮቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። እልልታው አልቆመም፤ እልል ባዩ ሁሉ ግን ከጎኑ ካለው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነበር የቆመው።